ከቅጥራን እስከ ቫርኒሽ፦ የእንጨት ጀልባ ልብስ ታሪካዊ ቅኝት

በጓሮው ወይም በጋራዡ ውስጥ የእንጨት ጀልባ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ቀለም ይቀባ ወይስ ቫርኒሽ? ለወራት የላገው፣ ያጎበጠውና በብርጭቆ ወረቀት የፈተገው እንጨት ዓይኑ ሥር ነው። በቀለም ቢሸፍነው ያ ሁሉ የእንጨት መስመር፣ ያ ሁሉ ወዝ ይደበቃል። ቫርኒሽ ቢቀባው ውበቱ ጎልቶ ይወጣል፤ ዕድሜው ግን ያሰጋዋል። ጥያቄውን ላይ ላዩን ላየው የጣዕም ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ከጀርባው ግን ሰባት ሺህ ዓመት የተሻገረ ታሪክ አለ፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ኬሚስቶች፣ ነጋዴዎች፣ የባሕር ኃይሎችና ስማቸው ያልተመዘገበ እልፍ ዓሣ አጥማጆች ተሳትፈዋል።

የዚህ ቅኝት ዓላማ ያንን ጉዞ ከምንጩ እስከ ዛሬ መከተል ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልግለጽ። የሰው ልጅ ለጀልባው ልብስ ሲፈልግ መጀመሪያ የታገለው ከውኃ ጋር ነበር፤ ቀጥሎ እንጨት ከሚበሉ የባሕር ትሎች ጋር፣ በስተመጨረሻም ከፀሐይ ጋር። ውኃን በመከላከል ረገድ ቀለምና ቫርኒሽ ያን ያህል አይራራቁም፤ የሚለያያቸው ፀሐይ ነው። ይህን የተረዳ ጀልባ ሠሪ የምርጫውን ግማሽ መንገድ ተጉዟል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ዝፍት ነው። በሰሜን ኩዌት አስ-ሳቢያ በተባለ ስፍራ አርኪዮሎጂስቶች ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዝፍት ቁርጥራጮች አግኝተዋል። ቁርጥራጮቹ በአንድ ወገናቸው የታሰረ ሸምበቆ አሻራ፣ በሌላው ወገናቸው ደግሞ ከጀልባ ሆድ ጋር የሚጣበቁ ትናንሽ ቅርፊታም የባሕር ፍጥረታት ይዘዋል፤ ማለትም በባሕር ላይ የሄደ ጀልባ ልብስ ናቸው። በኤፍራጥስ ዳር ሂት በተባለችው ከተማ አካባቢ ዝፍት ከምድር በራሱ ይፈልቅ ስለነበር የሜሶጶጣሚያ ጀልባ ሠሪዎች ብዙ መድከም አላስፈለጋቸውም። ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የኖኅ መርከብ በውስጥም በውጭም በቅጥራን እንደተለቀለቀች፣ ሕፃኑ ሙሴ የተቀመጠባት የደንገል ሣጥንም ዝፍትና ቅጥራን እንደተቀባች ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ቅዱሱ መጽሐፍ እነዚህን ትረካዎች ሲያቆይልን የዚያን ዘመን የሥራ ልማድም አብሮ አቆይቶልናል።

ግብፅ በሌላ መንገድ ሄደች። በ1954 ከታላቁ ፒራሚድ ጎን ከተዘጋ ጉድጓድ የተገኘው የፈርዖን ኩፉ መርከብ ከ4 ሺህ 500 ዓመት በፊት ከሊባኖስ ዝግባ የተሠራ ሲሆን 43 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሲገኝ 1,224 ቁራጭ ሆኖ ተበታትኖ ነበር፤ ለዓመታት በትዕግሥት ተገጣጥሞ በ2021 ወደ ታላቁ የግብፅ ሙዚየም ተዛወረ። ጣውላዎቹን ያያዛቸው ገመድ ነው። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ገመድ ሲርስ ይኮማተራል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው ጀልባ ውኃ ውስጥ በገባ ቁጥር መገጣጠሚያው ይበልጥ ይጠብቃል። ከዚህ ጀምሮ ሁለት አስተሳሰቦች ጎን ለጎን ሲጓዙ እናያለን። አንደኛው እንጨቱን ከውኃ በሽፋን መለየት ነው፤ ሌላው እንጨቱና ውኃው ተስማምተው እንዲኖሩ ማድረግ ነው።

የሜድትራንያን ሕዝቦች በመጀመሪያው አስተሳሰብ ጸንተው አራቀቁት። ግሪኮች መርከባቸውን በዝፍት ስለሚቀቡ የጥንት ገጣሚዎቻቸው መርከብን በጥቁረቱ ይጠሩት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ከቆጵሮስ ጠረፍ የወጣው የኪሬኒያ መርከብ እንደሚያሳየው ደግሞ ከዝፍቱ ሌላ የታችኛው አካሉ በስስ እርሳስ ተሸፍኖ ነበር፤ ይህም እንጨት በል ትልን ለመከላከል ነው። ወሳኙን እርምጃ የሚነግረን ግን ሮማዊው ፕሊኒ ነው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ታላቅ የተፈጥሮ ታሪክ መጽሐፉ፣ ቀለም ከቀለጠ ሰም ጋር ተዋህዶ በመርከብ ላይ እንደሚቀባ፣ ያም ቀለም ፀሐይንም ጨውንም ነፋስንም እንደሚቋቋም መዝግቧል። ስለ ጀልባ ሽፋን ሲወራ ፀሐይ እንደ ባላጋራ ስሟ ተጠርቶ ከምናገኝባቸው ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ይህ ነው። በዚሁ ዘመን በመርከብ አፍንጫ ላይ ዓይን መሳል የተለመደ ነበር፤ የማልታ ዓሣ አጥማጆች ባለብዙ ቀለም ጀልባዎቻቸው ላይ ዛሬም ይስሉታል።

ወደ እኛው ባሕር ስንመለስ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን፣ ስለ አክሱሙ ንጉሥ ካሌብና ስለ ሂምያር ዘመቻው በሚተርክበት ምዕራፍ አጠገብ፣ በቀይ ባሕርና በህንድ ባሕር የሚቀዝፉት መርከቦች ከሮማውያኑ እንደሚለዩ ያስረዳል። ዝፍትም ሆነ ሌላ ነገር አይቀቡም፤ ጣውላቸውም በምስማር ፈንታ በገመድ የተሰፋ ነው ይላል። ስድስት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1183፣ የአንዳሉሲያው ተጓዥ ኢብን ጁባይር ወደ መካ ሲሄድ በቀይ ባሕር ምዕራባዊ ዳርቻ በነበረችው በአይዛብ ወደብ አለፈ። እሱ ያያቸው መርከቦችም በኮኮናት ቃጫ ገመድ የተሰፉ ነበሩ፤ ነገር ግን በቅባት፣ በጉሎ ዘይት ወይም በሻርክ ዘይት ይታሹ ነበር። ከሦስቱ የሻርኩ ይበልጣል ሲልም ፍርዱን ሰጥቷል። ምክንያቱንም ጽፏል፤ በዚያ ባሕር የኮራል ድንጋይ ስለሚበዛ ጀልባው ሲመታ እንዳይሰበር ልስላሴና መለመጥ ያስፈልገዋል።

ኢብን ጁባይር ያስተዋለው ቁም ነገር ከዘመኑ በጣም የቀደመ ነው። የጀልባ ሽፋን ከጥንካሬው እኩል መለመጡ ያስፈልጋል፤ እንጨት ከእርጥበት ጋር ሲያብጥና ሲኮማተር የማይከተለው ሽፋን ይሰነጠቃል። የአውሮፓ ቫርኒሽ ሠሪዎች ይህን ትምህርት በራሳቸው መንገድ የደረሱበት ብዙ ዘግይተው ነው። የህንድ ውቅያኖስ ልማድም ከኢብን ጁባይር በኋላ አልቆመም። ከውኃ በላይ ያለው እንጨት የዓሣ ዘይት እየጠጣ ቡናማ ወዙን ይዞ ሲቀጥል፣ ከውኃ በታች ያለው ግን በሞራና በኖራ ድብልቅ ይለሰን ነበር። አውስትራሊያዊው መርከበኛ አለን ቪሊየርስ በ1938 እና በ1939 ከኩዌት መርከበኞች ጋር እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ሲጓዝ ይህ ሥራ በየወደቡ ሕያው ነበር። ከላይ የእንጨቱን መልክ የሚያሳይ ዘይት፣ ከታች የሚሸፍን ልስን፤ ዛሬ ጀልባ ሠሪውን የሚያስጨንቀው ጥያቄ በአካባቢያችን ባሕር በጀልባው ወገብ ላይ ተሰምሮ መልስ ካገኘ ቆይቷል።

በምሥራቅ በኩል ቻይናውያን ከታንግ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቀውን ዘይት ከኖራና ከተከተፈ ቃጫ ጋር ለውሰው የመርከብ ክፍተቶችን ይደፍኑበት ነበር። ማርኮ ፖሎ ይህን በአድናቆት ጽፏል፤ በ1974 በኳንዡ ወደብ የወጣው የ13ኛው ክፍለ ዘመን መርከብም ምስክርነቱን አጽንቷል። የታንግ ዘይት አየር ሲያገኝ ይደርቃል፤ ይህ ባሕርዩ ወደፊት ስለሚያስፈልገን እናቆየው።

በሰሜን አውሮፓ የነገሠው ከፓይን ዛፍ ሥርና ግንድ በዝግታ እሳት የሚወጣው ቅጥራን ነው። ቫይኪንጎች ያለ እሱ ያን ያህል ርቀት ባልሄዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ቅጥራን የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። ስዊድን በ1648 የቅጥራን ንግድን በብቸኝነት የሚይዝ ኩባንያ አቋቋመች፤ በታላቁ የሰሜን ጦርነት ወቅት አቅርቦቱን ስታጠብቀው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ደነገጠ። ፓርላማውም በ1705 ባወጣው ሕግ ቅጥራን ለሚልኩ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ድጎማ ሰጠ። በዚህ ሳቢያ የካሮላይና ደኖች የቅጥራን ማምረቻ ሆኑ። የኖርዲክ አገሮች ዛሬም በተለምዶ ለሚሠሯቸው ጀልባዎች ቅጥራንን ከተልባ ዘይት ጋር ደባልቀው ይቀባሉ፤ የጀልባ አሠራር ባህላቸውም በ2021 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል።

እስከዚህ ያለውን ዘመን አንድ አድርገን ብናየው፣ የጀልባ ልብስ የሚወሰነው በአካባቢው በሚገኝ ነገር ነበር፤ ዝፍት ያለው ዝፍት፣ ሻርክ ያለው የሻርክ ዘይት፣ ፓይን ያለው ቅጥራን ይቀባል። ዛሬ በምናውቀው መልኩ ቀለም ወይስ ቫርኒሽ የሚል ምርጫ ገና አልተፈጠረም።

ምርጫውን የፈጠረው ተልባ ነው። ተልባ በእኛ አገር ለጾም ፍትፍትና ለሆድ መድኃኒት የሚውል፣ በደጋው ሁሉ የሚበቅል ሰብል ነው። የዘይቱ ድንቅ ባሕርይ ግን በስስ ሲቀባ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ በመተሳሰር ወደ ጠጣር ሽፋን መለወጡ ነው። ውኃ ሲደርቅ ተንኖ ይጠፋል፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ክብደቱ ይጨምራል። ቴዎፍሎስ የተባለው መነኩሴ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ጥበባት ባዘጋጀው መጽሐፍ የተልባ ዘይትን ከዛፍ ሙጫ ጋር አፍልቶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን መሥራትን ያስተምራል። ያ ቫርኒሽ ነው። በዚያው ዘይት ውስጥ በሙጫው ፈንታ የተፈጨ ማዕድን ቢገባ ደግሞ የዘይት ቀለም ይሆናል። ስለዚህ ቀለምና ቫርኒሽ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የሚለያዩት አንዱ ብርሃን የሚያግድ ዱቄት ስለያዘና ሌላው ስላልያዘ ነው። የኋላው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ልዩነት ይመነጫል።

የሸራ መርከቦች ዘመን ሁለቱን በአንድ አካል ላይ አገናኛቸው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ጎን ብዙውን ጊዜ የሚቀባው ከፓይን ሙጫና ከዘይት የተዘጋጀ ቫርኒሽ ነበር፤ እንጨቱም ወርቃማ ሆኖ ይታይ ነበር። ቀስ በቀስ ያን መልክ የሚመስል ቢጫ ቀለም ቦታውን ወሰደ። በ1805 በትራፋልጋር የተዋጋው የአድሚራል ኔልሰን መርከብ ቪክትሪ በጥቁርና በቢጫ ዝንጉርጉር የታወቀ ነው፤ በ2015 የቀለም ንብብሮቹ በናሙና ተመርምረው መርከቡ እንደገና ሲቀባ ቢጫው ሕዝብ ከለመደው እጅግ የፈዘዘ ሆኖ ተገኘ። የቀለሙ መሠረት በአብዛኛው ነጭ እርሳስ ነበር። ዕድሜው ረጅም፣ መርዛማነቱም ብርቱ ነው። በ1921 የዓለም የሥራ ድርጅት አጠቃቀሙን የሚገድብ ስምምነት አወጣ፤ አሜሪካም በ1978 ለቤት አገልግሎት ከለከለችው። የቆየ ጀልባ ገዝቶ የሚያድስ ሰው አሮጌውን ቀለም በደረቁ ከመፈተጉ በፊት ይህን ማስታወስ ይኖርበታል።

በዚያው መርከብ ላይ ግን ቀለም ያልደረሰበት ክፍል ነበር። ሸራ የሚሸከሙት ረጃጅም እንጨቶች ይፋቁና በቅባት ወይም በቫርኒሽ ብቻ ይታለፉ ነበር። ምክንያቱ ውበት አልነበረም። ከባድ ጫና የሚሸከም እንጨት መሰንጠቅ ሲጀምር አናጺው አስቀድሞ ማየት አለበት፤ ቀለም ስንጥቁን ይደብቃል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ የእንጨት መሰላል ብርሃን በማያሳልፍ ሽፋን እንዳይሸፈን የሚያዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ቫርኒሽ ከጌጥነቱ በፊት የመመርመሪያ መንገድ እንደነበረ የሚዘነጋ ሰው ይበዛል፤ እኔ ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል።

ከውኃ በታች ያለው ታሪክ የተለየ መስመር ስላለው ባጭሩ ልለፈው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በ1761 አላርም በተባለች መርከብ ላይ የመዳብ ልባስ ሞከረ፤ ከ1779 እስከ 1781 ባሉት ዓመታትም መርከቦቹን በብዛት በመዳብ ሸፈነ። በ1824 ኬሚስቱ ሃምፍሪ ዴቪ መዳቡ እንዳይሟሟ የሚያደርግ ዘዴ አገኘ፤ ነገር ግን መሟሟቱ ሲቆም የባሕር አረምና ቅርፊታም ፍጥረታት መልሰው ተጣበቁበት። የመዳብ ጥቅም ቀስ እያለ መሟሟቱ እንደሆነ በዚህ ታወቀ። በማሳቹሴትስ ግዛት ግሎስተር ወደብ በ1863 ለገበያ የወጣው የመዳብ ቀለም ይህን ዕውቀት ወደ ቆርቆሮ ጣሳ አስገባው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መዳብን የተካው ትሪቡቲልቲን የተባለ ውህድ ብርቱ ስለነበር በፈረንሳይ አርካሾን የባሕር ወሽመጥ የኦይስተር እርባታን ጎዳ። ፈረንሳይ በ1982 በትናንሽ ጀልባዎች ላይ ከለከለችው፤ ዓለም አቀፉ እገዳም በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ለእኛ ጥያቄ የሚተርፈው ቁም ነገር ግልጽ ነው፤ ባሕር ላይ ለሚከርም ጀልባ ከውኃ በታች ምርጫ የለም፣ ልዩ ቀለም ብቻ ነው።

19ኛው ክፍለ ዘመን የቫርኒሽ ወርቃማ ዘመን ነበር፤ ወርቁን ያቀረበውም በከፊል ምሥራቅ አፍሪካ ነው። በዛሬዋ ታንዛኒያ ጠረፍ ከመሬት እየተቆፈረ የሚወጣው ኮፓል የተባለ ጠንካራ ሙጫ በዛንዚባር በኩል ወደ አሜሪካዋ ሴለም፣ ወደ ሃምቡርግና ወደ ለንደን ይጫን ነበር። ከኒውዚላንድ የሚመጣው የካውሪ ሙጫም በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ በዓመት ከ10 ሺህ ቶን በላይ ደርሶ ነበር። ሙጫው ከፈላ የተልባ ዘይት ጋር ሲዋሃድ ጥራት ያለው የመርከብ ቫርኒሽ ይወጣዋል፤ የታንግ ዘይት ወደ ምዕራቡ ሲገባ ደግሞ ውኃን በመቋቋም ከሁሉም በላጭ ሆነ። ዘይቱ ከሙጫው በዝቶ የሚዘጋጀው ዓይነት፣ ከነፋስ ጋር የሚለመጡትን የሸራ ምሰሶዎች እንዲከተል ስለታሰበ ለስላሳ ነበር። ኢብን ጁባይር በአይዛብ ያየው ጥበብ በፋብሪካ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

በዚሁ ክፍለ ዘመን ጀልባ ለመዝናኛ መዋል ተስፋፋ፤ ቫርኒሽም ማኅበራዊ ትርጉም ያዘ። የዓሣ አጥማጁ ጀልባ ቀለም ይቀባል፤ ቀለም ርካሽ ነው፣ የተጠገነን ጣውላ ይሸፍናል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ቢታይ ይበቃዋል። የሀብታሙ ጀልባ ግን ቲክና ማሆጋኒ እንጨቱን እያሳየ ይሄዳል፤ በየሳምንቱ የሚያጥቡት፣ በየወቅቱ የሚፈትጉትና የሚደርቡት ቅጥረኞች አሉትና። የሚያብለጨልጭ እንጨት ከኋላው ያለውን ጉልበት ያውጅ ነበር። ዛሬም ቫርኒሽን የከበበው ግርማ ከዚያ የተወረሰ ነው። በራሱ እጅ ጀልባ የሚሠራ ሰው ግርማውን ሲወርስ ቅጥረኞቹ አብረው እንደማይመጡለት ልብ ማለት አለበት።

20ኛው ክፍለ ዘመን ሙጫውን ከዛፍ ወደ ላቦራቶሪ አዛወረው። መጀመሪያ ፌኖሊክ፣ በ1920ዎቹ አልኪድ፣ ከ1937 የኦቶ ባየር ግኝት በኋላ ፖሊዩሬታን በየተራ መጡ። ዝርዝራቸው የባለሙያው ነው፤ ለቅኝታችን የሚበቃው ቀለምም ቫርኒሽም ከእነዚሁ ሙጫዎች መሠራታቸውና እህትማማችነታቸው መቀጠሉ ነው። የማሆጋኒ ፈጣን ጀልባዎች ዘመንም ይኸው ነበር። በአሜሪካ ክሪስ-ክራፍት፣ በጣልያን በኢዜኦ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ሳርኒኮ ሪቫ የተባሉት ጀልባ ሠሪ ኩባንያዎች እንጨትን በተደራረበ ቫርኒሽ አንጸባረቁት። ከ1962 እስከ 1996 የተሠራው የሪቫ አኳራማ ዛሬም የእንጨት ውበት መለኪያ ሆኖ ይጠቀሳል። ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፋይበርግላስ ገበያውን እየወሰደው ነበር።

ፋብሪካው ከእንጨት ሲወጣ እንጨቱ ወደ ቤት ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሻሻሉት ውኃ የማይፈታቸው ሙጫዎች ፕላይውድን ለጀልባ አበቁት። ክላርክ ሚልስ በ1947 በፍሎሪዳ የነደፈው ኦፕቲሚስት የተባለው የልጆች ጀልባ ከሁለት ፕላይውድ ይወጣ ነበር። በ1963 በእንግሊዝ በጋዜጣ አስተባባሪነት የወጣው ሚረር ደግሞ ጣውላውን በመዳብ ሽቦ ሰፍቶ መገጣጠሚያውን በፋይበርግላስ ጥብጣብ ማሸግን ለሕዝብ አስተማረ፤ ከ70 ሺህ በላይ ተሠርቷል። በገመድ የተሰፋው የቀይ ባሕር ጀልባ ከሩቅ ዘመዱ ጋር የተገናኘ ያህል ነው። ቀለም ወይስ ቫርኒሽ የሚለው ጥያቄም ከወደብ ባለሙያ እጅ ወጥቶ በመምህራን፣ በጸሐፊዎችና በጡረተኞች ጋራዥ ውስጥ ተተከለ።

ከዚያ ኤፖክሲ መጣ። በ1969 በሚሺጋን ቤይ ሲቲ ሥራ የጀመሩት የጉጀን ወንድማማቾች እንጨቱን በሁሉም ገጹ በኤፖክሲ መክደንን አስፋፉ። ከሰባት ሺህ ዓመት በኋላ ከውኃ ጋር የነበረው ትግል በአብዛኛው በድል ተጠናቀቀ ለማለት የሚያስደፍር ነበር። ኤፖክሲ ግን በአልትራቫዮሌት ጨረር ይጎዳል፤ ከላዩ ቀለም ወይም ጨረር የሚመጥ ቫርኒሽ ካልተደረበ ቢጫ ሆኖ ይፈረፈራል። ውኃን ያሸነፈው ልብስ ከፀሐይ የሚያስጠልለው ሌላ ልብስ ፈለገ።

ዘመናዊው ሳይንስ የጥንቱን ልምድ በምክንያት አብራርቶታል። በዊስኮንሲን ማዲሰን ከ1910 ጀምሮ የሚሠራው የአሜሪካ የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ባለፈው ክፍለ ዘመን ያካሄዳቸው ሙከራዎች ሁለት ነገሮች አሳይተዋል። የመጀመሪያው፣ ማንም ሽፋን እርጥበትን ፈጽሞ አያቆምም፤ የሚያደርገው ማዘግየት ነው። በዚህ ሦስት እጅ የተቀባ ኤፖክሲ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ይቆማል፤ የተልባ ዘይት ብቻውን ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከባዶ እንጨት አይሻልም። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሲሆን መሥራት ስለማይችል ይህን መዘግየት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛው የእንጨትን ጭረቶች የሚያያይዘው ሊግኒን በአልትራቫዮሌት ጨረር መፍረሱ ነው። ቀለም ጨረሩን ከላይ ይመልሳል። ቫርኒሽ ያሳልፈዋል። በቫርኒሹ ሥር ያለው እንጨት ገጹ ሲፈርስ ሽፋኑ የሚይዘው ያጣና ይላጣል። ውጭ ለፀሐይ የተጋለጠ ቫርኒሽ ካልታደሰ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት ያለፈ የማይቆየው ለዚህ ነው፤ ጥሩ ቀለም ከዚያ ብዙ እጥፍ ይቆያል።

ከዚህ ተነሥተን ስንመዝን ሚዛኑ በአብዛኛው ወደ ቀለም ያደላል። ቀለም በትንሽ ጥገና ይኖራል፣ ርካሽ እንጨትንና የጀማሪን እጅ ይሸፍናል፣ የስቱኮን ምልክት ያጠፋል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ሙቀትንም ይቀንሳል፤ በጠቆረ ቀለም የተቀባ ፕላይውድ በፀሐይ ግሎ በቀላሉ ይሰነጠቃል። የቀለም ነውሩ መደበቁ ነው። ከሥሩ ውኃ ገብቶ እንጨቱ ቢበሰብስ ባለቤቱ የሚያውቀው ጣቱ ሲሰምጥ ነው። ቫርኒሽ ውኃ በገባበት ቦታ ጥቁር ምልክት በማሳየት ቀድሞ ይናገራል፤ ይህን ዋጋውን እኔ አላቃልልም። የሚጠይቀው ግን ታማኝ ባለቤት ነው። መጀመሪያ በቲነር የቀጠነ አንድ እጅ፣ ከዚያ በየመካከሉ እየተፈተገ ከስድስት እስከ ስምንት እጅ፣ ቀጥሎ በየዓመቱ አንድ ወይም ሁለት እጅ መደረብ። አንድ ዓመት የተዘለለ ቫርኒሽ ቅጣቱ እስከ ባዶ እንጨት መፋቅ ነው።

በቤት የሚሠሩ ጀልባዎች ልምድ ወደ አንድ የጋራ ስምምነት እያዘነበለ መጥቷል፤ እሱም የሸራ መርከቦችንና የህንድ ውቅያኖስን ክፍፍል ይመስላል። የጀልባው ውጫዊ አካል፣ ውስጡና ወለሉ ቀለም ይቀባሉ። መቅዘፊያ፣ የሸራ ምሰሶ፣ የመሪው እጀታ፣ የጀልባው የላይ ጠርዝና ምናልባት የኋላ ሰሌዳው ቫርኒሽ ያገኛሉ። እነዚህ ቁራጮች ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹ ተነቅለው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፣ እጅ ዘወትር ስለሚነካቸውም ጉዳታቸው ቶሎ ይታወቃል። ጫና የሚሸከሙትም እነሱ ናቸው። ሙሉ ጀልባውን ቫርኒሽ መቀባት የሚያዋጣው ጀልባው አብዛኛውን ዕድሜውን በጣራ ሥር ወይም ፀሐይ በማያሳልፍ ሸራ ተሸፍኖ የሚያሳልፍ ከሆነ ብቻ ነው።

ይህ ፍርድ በእኛ ሐይቆች ላይ ይበልጥ ይከብዳል። የጣና ታንኳ ከደንገል ስለሚታሰር ቀለምም ቫርኒሽም አይሻም፤ ውኃ ይጠጣል፣ ዳር ላይ ወጥቶ ይደርቃል፣ ሲያረጅ በአዲስ ይተካል። በባሕር ዳር፣ በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ከጣውላ ወይም ከፕላይውድ ጀልባ የሚሠራ ሰው ግን ያለው ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ ነው፤ ጣና ደግሞ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። ለአውሮፓ ሐይቆች በቫርኒሽ ጣሳ ላይ የተጻፈው የዕድሜ ግምት እዚህ አይሠራም። እንዲህ ላለው ሰው ፈዛዛ ቀለም ለጀልባው አካል፣ ጨረር የሚመጥ ቫርኒሽ ለመቅዘፊያው፣ ከቅዝፊያ በኋላም ጥላ እንዲያገኝ እመክራለሁ። በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ እየደረቀ በሚያመነጨው ሙቀት በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ሥራው ሲያበቃ ጨርቁን ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ነክሮ ማስወገድ የግድ ነው።